ለጊዜው ይሥራ

«ለጊዜው ይሥራ» የምትለውን ሐረግ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት አላውቅም። ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለጫማ ሰፊ፣ የቤቴን ጣሪያ ሊጠግን ለወጣ ልጅ ተናግሬአታለሁ። ከሁሉም ግን አንዷ ብቻ ናት ከኅሊናዬ የማትጠፋው፤ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ መኪናዬ ሥር በጀርባው ለተኛ አንድ ወጣት መካኒክ የተናገርኳት። ፖለቲካ ሊያነብ የመጣ አንባቢ ዛሬ ስለ ሞተሪኖ በማውራቴ ቅር እንዳይለው፤ እኔ ባልፈልግ እንኳ ነገሩ ራሱ ወደዚያው ይወስደናል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ካርማን ጊያ ትባላለች። ቅርጿን የነደፈው የቱሪኑ ጊያ፣ አካሏን የገነባው የኦስናብሩኩ ካርማን፣ ሞተሯና ሻንሲዋ ደግሞ የታወቀው የኛው ቮልስ ነው። ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ተሠርታለች። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ላያት ሁሉ ነፋስ የምትቀድም የምትመስል የስፖርት መኪና ናት። ነገር ግን ከቆንጆው ልብስ ሥር ያለው የቮልስ ሞተር በመሆኑ ዳገት ላይ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋታል። አባቴ አስተማሪ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር በርካሽ ገዛት። ያን ጊዜ ብዙ ነገር በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ባለቤቶቹ ቸኩለው ነበርና።

ስለ ቮልስ ካነሳን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ቮልስ ባለ ሁለት በር ስለሆነ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ፣ ተሳፋሪውም ጎንበስ ብሎ መሹለክ አለበት። አባቴ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርከው ነበር፤ ስለ ንጉሡ አዝኖ ይሁን ስለ መኪናው ኮርቶ እስከ ዛሬ አልተገለጸልኝም።

ለማንኛውም አባቴና ይህች መኪና በአንድ ጉዳይ ብቻ ሳይግባቡ ኖሩ። አትነሣም። ማለዳ ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» ትላለች፤ ከዚያ ዝም። ሞተሪኖው ነው ይባላል። ይለወጣል። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ትሠራና እንደገና «ቀጭ»። አባቴ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ አራት ሞተሪኖ ገዝቷል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከሶማሌ ተራ። የወጡትንም አይጥልም ነበርና ሦስቱ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ይኖሩ ነበር።

ሞተሪኖ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የቤንዚን ሞተር በራሱ ከእንቅልፉ አይነሣም፤ አንድ ሌላ ኃይል የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሊያዞርለት ይገባል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሳት መኪና በሰው ክንድ እጀታ እየተዞረ የምትነሣ ነበረች። ያ እጀታ መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል፤ ሰውም ገድሏል። በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪናዎቹ ላይ ገጠመና ዘመኑ ተለወጠ። ሞተሪኖው ከባትሪው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ትንሿ ጥርሱ ወጥታ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ትነክሳለች፣ ታዞረዋለች፣ ሞተሩ ሲነሣ ትመለሳለች። ሥራው በሙሉ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ነው። በውስጡ ሲሠራ የሚያልቅ ነገር አለ፤ ካርቦኑ። ካርቦን እንደ ጠመኔ ነው፣ እየተፋቀ ያጥራል፣ ሲያጥር ይለወጣል። ይህን መንደር ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። የቮልስ ሞተሪኖ ግን ከሌሎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የሚሽከረከረው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው አካል ላይ በተቀበረች የጣት ቀለበት በምታክል የነሐስ ቦኮላ ውስጥ ነው። ሞተሪኖው ሲወጣ ቦኮላዋ እዚያው ትቀራለች። አዲስ ሞተሪኖ ስትገዙ አብራ አትመጣም። ካልፈለጓት አትታይም።

እንግዲህ በዚያ ጥር የእናቴ ሙት ዓመት ነበርና ወደ መካነ ሰላም ሄድኩ። በአውቶቡስ መሄድ ይቻል ነበር። እናቴ ግን ያችን መኪና ትወዳት ስለነበር ይዤያት መሄድ ፈለግሁ። ሰዎች እብድ ነው ብለውኛል፣ አልተሳሳቱም። ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ምዕራብ በሌጋምቦ ደጋ፣ በአቀስታ በኩል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ እየወጣ ይወርዳል። ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ ከርቀት ድንጋይ የሚመስሉ የበግ መንጋዎች፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ እረኛ። አየሩ ስስ ስለሆነ የካርቡራቶር ሞተር በዚያ ከፍታ ይሰንፋል፤ ቤንዚኑ ያው ነው፣ አየሩ ግን ያንሳል፣ ስለዚህ ጥቁር ጭስ እያስነጠሰች ትሄዳለች። መካነ ሰላም ራሷ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአንድ በኩል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት የደንቆሮ ጫካ፣ በሌላ በኩል የዓባይ ሸለቆ። የቦረና ሰው ደሴን «ታች» ሲል ሰምታችሁ ከሆነ አትገረሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ውርጭ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ»።

መካኒኩ ወጣት ነው፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። አይሱዙና ባጃጅ ሲጠግን ያደገ፣ ካርማን ጊያ ቀርቶ ቮልስ እንኳ ከፍቶ የማያውቅ። የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያጣ ሳቀ፤ ከኋላ መሆኑን ስነግረው ደግሞ ተገረመ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀም። መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ ፈታ። ከላይ ያለው ቡሎን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከሥር ይፈታል፣ ሌላው እጁን በሞተሩ ክፍል ጥግ ጥግ ሰዶ ሳያይ ይይዛል። ያ ሌላው እኔ ነበርኩ። ሞተሪኖው ሲወጣ ፈታትቶ ካርቦኑን አሳየኝ፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከአንድ ሌላ መኪና ሞተሪኖ ካርቦን አውጥቶ በሞረድ አስተካክሎ ገጠመ። ሁለታችንም ደስ አለን።

ከዚያ ግን ሞተሪኖውን ከመመለሱ በፊት ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገባና ዝም አለ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እጅዎን ያምጡ» አለኝ። ጣቴን ወስዶ በካምቢዮው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። «ይሰማዎታል? ክብ አይደለም። እንቁላል ሆኗል።» ከዚያም የሞተሪኖውን ሆድ ዕቃ ብርሃን ላይ አዙሮ አሳየኝ። የሚሽከረከረው የመዳብ ጥቅል ዙሪያውን ከያዙት ብረቶች ጋር ሲፋተግ የኖረበት የሚያብረቀርቅ ጭረት ነበረው። ቦኮላዋ ስለተበላች የዘንጉ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥቅሉ ብረቱን ይነካል፣ ፍሬን እንደያዘ ጎማ ይሆናል፤ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል በመፋተግ ያልቃል፣ ካርቦኑም ያለ ዕድሜው ይበላል። «ሞተሪኖው በሽተኛ አይደለም» አለኝ። «የተኛበት አልጋ ነው የተሰበረው።»

ምን ይሻላል አልኩት። ቦኮላ እዚህ የለም፤ የዘንጉን ጫፍ ለክቶ ደሴ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ፣ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዶ ማክሰኞ መመለስ። እሑድ ሙት ዓመት ነው፣ ሰኞ ልመለስ አስቤአለሁ፣ ማክሰኞ አዲስ አበባ ሥራ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያችን ሐረግ የተናገርኳት።

«ለጊዜው ይሥራ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተከራከረኝም። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ መጥቻለሁ፣ ገንዘቡም የኔ ነው። ገጠመው። ቁልፉን አዞርኩ፣ በመጀመሪያው ተነሣች። ስከፍለው ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ፣ «አብሽር ጋሼ፣ ከተቸገሩ ይደውሉ» አለኝ። የወሎ ሰው «አብሽር» ሲል ማጽናኛ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ማስጠንቀቂያም ነበረችበት።

እሑድ ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ የእናቴ ታናሽ እኅት ደረቷን ያዘች። ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ጋ አደረስናት፤ ኦክስጅን ተደረገላትና «ደሴ ትድረስ፣ ዛሬውኑ» ተባለ። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። «መኪና አለኝ» አልኩ። እንዲያውም በኩራት ነው ያልኩት። አክስቴን የፊት ወንበር ላይ ደግፈን አስቀመጥናት፣ ልጇ ከኋላ ታጥፋ ገባች። ቁልፉን አዞርኩ።

«ቀጭ»።

እንደገና። «ቀጭ»። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና «ልጄ፣ አትቸኩል» አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። ከሕይወቴ ሌሊቶች ሁሉ ያቺን አንዲት ደቂቃ ብትወስዱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ደወልኩለት። ሳይውል ሳያድር፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ እየሮጠ መጣ። ቮልስ ቀላል መኪና ነው፣ ከ900 ኪሎ አይበልጥም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ነጠላ የለበሱ ለቀስተኞች ሳይቀሩ ገፉን። ወደ ቁልቁለቱ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ ተንገጫገጨች፣ አስነጠሰች፣ ተነሣች። መካኒኩ ሮጦ ደርሶ በሩን ከፈተና ከኋላ ገባ። «ወዴት ነው?» አልኩት። «መንገድ ላይ ብትጠፋ ማን ይገፋል?» አለኝ።

ረጅም ሰው ነው። በዚያች ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ መቀመጫ በማትባል የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ሥር ሆኖ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ።

ሞተሩን ማጥፋት ክልክል ነው። ቤንዚን ቀን ሞልቼ ነበር፣ እግዜር ይመስገን። ነገር ግን ደጋው ላይ፣ በዚያ ስስ አየር፣ ቤንዚን ካልሰጠኋት ትጠፋለች፤ ሳዘገይ ደግሞ የድሮ ዲናሞ ስለሆነ ባትሪ አይሞላም፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ የፊት መብራቱ ይደክማል። አክስቴ ስታስመልስ ማቆም ነበረብን። መካኒኩ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ቁልቁል ፊት ለፊት ያቁሙ፣ ጠፍጣፋ ላይ እንዳይቆሙ» ይላል። እንዲያ እያልን፣ እጄ የእጅ ፍሬን ላይ፣ አንድ እግሬ ቤንዚን ላይ ሆኖ፣ አቀስታን አለፍን። ስለ ምንም አላወራንም። የአክስቴን ትንፋሽ ስቆጥር ነበር፤ ከሞተሩ ድምፅ ለይቼ ለመስማት እየሞከርኩ።

ሲነጋ ደሴ ደረስን። አክስቴ ዳነች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥምቀት አየች። ዘግይተን ቢሆንስ የሚለውን ጥያቄ ሐኪሙን አልጠየቅሁትም፤ መልሱን የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ከመካኒኩ ጋር ሞተሪኖውን ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። ሽማግሌው ባለ ቶርኖ የዘንጉን ጫፍ በካሊፐር ለካ፣ ከዱላ ነሐስ ቆርጦ መቅረጽ ጀመረ። ሬዲዮ ተከፍቷል። የጀርመኑ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ናቸው፤ ቮልስዋገን በኢትዮጵያ መኪና ለመገጣጠም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ ይላል ዜናው። ጥር 20 ቀን ነበር። መካኒኩ «እስከዚያ ድረስ ቦኮላ ቢልኩልን» አለ። ሽማግሌው ከቶርኖው ዓይኑን ሳያነሣ «ፋብሪካውን ትተው ቦኮላውን ቢያደርጉት ይቀላል» አለው። እስካሁን አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የማየው ከቻይና የሚመጣውን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ እሱ ራሱ አንድ ትልቅ ሞተሪኖ ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ጓደኞቼ «ያንተዋ ሙዚየም ገባች» ብለው ቀለዱብኝ።

አሮጌዋን ቦኮላ ለማውጣት መካኒኩ ውስጧን ጥርስ አወጣላትና ቡሎን እያጠበቀ ጎትቶ ነቀላት። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። በአንድ ጎኗ ወረቀት ያህል ሳስታለች። ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀበረችው ያችው ነበረች። ከዚህ በፊት ማንም አልነካትም። አባቴ አራት ሞተሪኖ ሲገዛ፣ አራት ጊዜ «ይሄኛውም ከንቱ ሆነ» ብሎ ሲረግም፣ እሷ ቀዳዳዋ ውስጥ ነበረች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቃል የገባሁላችሁ። ንጉሡን በቮልስ የወሰደው ደርግ ራሱን የሰየመው «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ነው። ጊዜያዊ! ያ ጊዜያዊነት ከመስከረም 1967 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ 1980 ዓ.ም. መባቻ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ዘለቀ። በስሙ ስንቱ እንደታሰረና እንደተገደለ የሚነገረው ሌላ ቀን ነው። ከዚያ በ1983 ዓ.ም. «የሽግግር መንግሥት» መጣ፣ አራት ዓመት። በ2012 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ በሰኔ 2013 ተደረገ፤ ምክንያቱ እውነት ነበር፣ ሁልጊዜም ምክንያት አለ፣ እኔም ማክሰኞ ሥራ ነበረኝ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአማራ ክልል ግጭት ሲስፋፋ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለስድስት ወር ነው ተባለ፤ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። አንባቢ ሆይ፣ መንግሥት ሲለወጥ ሞተሪኖው ከንቱ ነበር ማለት እንወዳለን፤ ከሶማሌ ተራ ሌላ እናመጣለን፣ ደስ ይለናል፣ ትነሣለችም። ጣቱን ወደ ቀዳዳው ልኮ «ክብ አይደለም» የሚለን ሰው ሲመጣ ግን ማክሰኞ ሥራ አለን። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያ ያልናቸው መሪዎች ሁሉ ጤነኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ምሳሌ እስከተወሰነ ድረስ ነው የሚሄደው፣ እንደ መኪናዬ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ሦስቱን ሞተሪኖዎች ወደ መካነ ሰላም በአውቶቡስ ላክሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ሁለቱ ካርቦን ብቻ ነው የፈለጉት፤ ሦስተኛው ጥቅሉ ተቃጥሏል፣ እሱንም አልጣለውም፣ ሥራ ለሚለማመዱ ልጆች እየከፈተ ያሳይበታል። አባቴ ቢሰማ የሚለውን ሳስብ ሳቄም ዕንባዬም ይመጣል።

ከነሐሴ 2015 በኋላ ለረጅም ጊዜ ላገኘው አልቻልኩም። ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ አይጠራም። መንገዱ ተዘግቶ ይከፈታል፣ ተከፍቶ ይዘጋል። በዚያች በ«ሰላም ስፍራ» ስም በምትጠራ ከተማ በኩል የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጋራዡ እንዳለ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ አለ ይለኛል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እሱ ነው። ድምፁ ቀጥኗል። ስለ ቤተ ሰቡ ጠየቅሁት፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ፤ ስለ ሌላው ስጠይቀው «ተዉት ጋሼ» አለ። ጥቂት ዝም ተባባልን። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል፣

«ቦኮላዋስ?» አለኝ።

ትሠራለች አልኩት።

«መሥራቷን አይደለም የጠየቅሁዎት። የቶርኖ ነሐስ ነው፣ እንደ ፋብሪካው ቅባት አይዝም። ግራሶ ካላገኘ ይበላል። አይተዋታል?»

አላየኋትም። ያን ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።